የቅዳሜ አንቺ

ከሱሉልታ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የጦር ካምፕ አንድ የራሱ ሕግ ነበረው፤ ቅዳሜ ጠዋት ፊሽካ ከተነፋ በኋላ ሜዳ ላይ ማዕረግ የለም። ሕጉን ያወጡት የካምፑ አዛዥ ሻለቃ ሳህሉ ናቸው። አንድ ቅዳሜ መረብ ኳስ ሲጫወቱ፣ ከመረቡ ወዲያ ያሉት ሁሉ የሳቸውን ኳስ መመለስ እየፈሩ እጃቸውን ሲሰበስቡ ጊዜ ተናደዱና፣ «እኔ እዚህ የመጣሁት ልጫወት እንጂ ልከበር አይደለም» ብለው ደነገጉ አሉ። ከዚያ ወዲህ ክሊኒኩ ከጋራዡ፣ ጋራዡ ከወጥ ቤቱ እየተጋጠመ ኳስ ሲመታም ሆነ ገመድ ሲጓተት ሁሉም በቲሸርት ነው፣ ሁሉም አንተና አንቺ ነው። አፉ አምልጦት «እርስዎ» ወይም «መቶ አለቃ» ያለ ሰው እዚያው ሣሩ ላይ ተደፍቶ አስር ፑሻፕ ይሠራል፤ ቡድኑም ያን ዙር ይሸነፋል።

የወጥ ቤቷ ቲቲ ለዚህ ሕግ የተፈጠረች ነበረች። ሳምንቱን ሙሉ ድስት ስታማስል ቆይታ ቅዳሜ ሲደርስ፣ «አንተ ሳህሉ፣ መጀመሪያ ሆድህን ሰብስብ፣ ከዚያ ገመዱን ትይዛለህ» ትላቸዋለች፤ ሻለቃውም ይስቃሉ፣ ካምፑም ይስቃል፣ ሰኞ ጠዋት ሁሉም ወደየማዕረጉ ይመለሳል።

ለሌላው ጨዋታ ነው። ለክሊኒኩ ነርስ፣ ለምክትል መቶ አለቃ ውብአንቺ ተድላ ግን ጨዋታ ሆኖ አልቀረም።

ፍቅር መግቢያ አያጣም መቼም። አንዱን በዓይኑ ይገባዋል፣ ሌላውን በሆዱ። ውብአንቺን የገባት በጆሮዋ ነው፣ ያውም በማይረባ ቃል። ክሊኒኩ ወንድ ስለሚያጥረው የአምቡላንሱ ሹፌር ሃምሳ አለቃ ዲሪባ ከነሱ ጋር ይሰለፋል፤ ትከሻው ሰፊ ስለሆነም የገመዱ ጅራት የሱ ነው፣ ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ወደ ኋላ ይተኛበታል። ውብአንቺ ከፊቱ ነበረች። በመጀመሪያው ቀን እግሯ ሲንሸራተት ከኋላዋ ጎንበስ ብሎ፣ «አንቺ፣ ተረከዝሽን ትከዪ» አላት። ይኸው ነው። ለእርሻ በሬ እንኳ የሚባል ነገር ነው። እሷ ግን ተረከዟን ተክላ ልቧ ነው የተንሸራተተባት።

ከዚያ በኋላ ሳምንቱ ለሷ አንድ ቀን ብቻ ሆነ። ዲሪባ ሰኞ ከአምቡላንሱ ወርዶ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰላምታ ይሰጣል፣ ማዕረጓን ይጠራል፣ በሩን ይከፍትላታል። የሌሎቹ «መቶ አለቃ ውቤ» ሲሆን እሱ ስሟን ሳያሳጥር እስከ ጫፉ ድረስ ይጠራዋል፤ «መቶ አለቃ ውብአንቺ» ይላል። ስሟ መጨረሻ ላይ ያለችው «አንቺ» ላይ ድምፁ ትንሽ የሚዘገይ ይመስላታል። ይዘግይ አይዘግይ እግዚአብሔር ይወቅ። የወደደ ሰው የሌለውንም ይሰማል።

የቆመባቸው አጥር ደግሞ ቀላል አልነበረም። እሷ መኮንን ናት፤ አባቷ አቶ ተድላ ቡራዩ አደባባዩ አጠገብ ሲሚንቶና ቆርቆሮ የሚሸጡ፣ ሰፈሩ ሁሉ ተነስቶ የሚቀበላቸው ነጋዴ ናቸው። እሱ የበታች ሹም ነው፤ ከጫንጮ ባሻገር ገብስ ከሚያርስ ቤት የመጣ። መኮንን ከበታች ሹም ጋር ዓይን ለዓይን ሲገጣጠም በሚታይበት ካምፕ ደግሞ ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ይደርሳል።

አንድ ረቡዕ ታማሚ አድርሰው ሲመለሱ፣ የእንጦጦን ቁልቁለት እየወረዱ፣ ሳታስበው ጠየቀችው። ቅዳሜ አንቺ፣ ሰኞ እርስዎ፤ የቱ ነው የእውነቱ? አለችው፣ ቀልድ አስመስላ። ዲሪባ ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም።

«የቅዳሜው የሻለቃ ነው፣ መቶ አለቃ። የኔ አይደለም» አለ።

ለካ ታዞ ነው አንቺ የሚለኝ፣ ብላ አሰበች። እሱ ጥርሱን ነክሶ መሪውን ጨብጧል፤ ማንም ቢያየው የሆነ ነገር ሊናገር አስቦ የዋጠ ሰው እንደሆነ ያውቅ ነበር። ከጎኑ የተቀመጠችው ብቻ አላየችም፤ በመስኮቱ በኩል የሱሉልታን ረግረግ ስታይ ነበር፣ እንባዋ እንዳይታወቅባት።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ትእዛዝ መጣ። የካምፑ እኩሌታ ሰኞ ወደ ግዳጅ ይነሳል። ሻምበል አበራ ጉዞውን ይመራል፤ አምቡላንሱና ሹፌሩ ይሄዳሉ፤ ውብአንቺ ትቀራለች። የት ነው የሚሄዱት ብሎ የጠየቀ የለም። እንዲህ ያለው ጉዞ የት እንደሆነ በስም ባይነገርም በሰው ፊት ላይ ይነበባል።

ሻለቃ ሳህሉ የቅዳሜው ውድድር እንደማይቀር አስታወቁ። እንደውም ከሌላው ጊዜ ይድመቅ አሉ። ደመቀ። ቲቲ ጭንቅላቷን በነጭ ጨርቅ አስራ የወጥ ቤቱን ሰልፍ ከፊት ሆና ይዛለች፤ ሁሉም ከሚገባው በላይ ይጮኻል፣ ከሚገባው በላይ ይስቃል፣ በመሐል ድንገት ዝም ይባላል፣ ከዚያ አንዱ ቶሎ ብሎ ይጮኻል። ሻምበል አበራ ሜዳው ጫፍ ላይ ውብአንቺን አግኝቶ፣ ከአባትሽ ጋር የምጨርሰው ጉዳይ አለኝ፣ ሳልሄድ መልስ ብሰማ ደስ ይለኛል፣ አላት። ቡራዩ ቤት እያሠራ ስለነበር ከአባቷ ሱቅ አይጠፋም። እሷ ግን ጆሮዋ ሌላ ጋ ነበር። የምትጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዲሪባ ከመሄዱ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ አንቺ ሲላት መስማት። ታዞም ይበላት። እሱን ይዛ ክረምቱን ትከርምበታለች።

ክሊኒኩና ወጥ ቤቱ ገመድ ያዙ። ፊሽካው ተነፋ። የወጥ ቤቱ ሰዎች በቲቲ ጩኸት እየተመሩ ሲስቡ የውብአንቺ እግር በርጥቡ ሣር ላይ መሸሽ ጀመረ። የዲሪባ ትንፋሽ ከኋላዋ ቀረበ። ጠበቀች።

«መቶ አለቃ ውብአንቺ» አለ፣ ጥርት ባለ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። «ተረከዝዎን ይትከሉ።»

ገመዱ ላላ። የሚስበውም የሚሳበውም ዞሮ አየው። ዳኛው ፊሽካውን ነፋና ጣቱን ወደ ሣሩ ቀሰረ፤ ከዚያ የሳቁ ብዛት። ቲቲ፣ «ሹፌሩ ማርሽ ተሳሳተ!» ብላ አስካካች። ዲሪባ ያለ አንዳች ክርክር ተደፍቶ ቅጣቱን ሠራ። ተነስቶ መዳፉን አራገፈና ውብአንቺን ፊት ለፊት አይቶ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መቶ አለቃ» አላት። እንደገና ፊሽካ፣ እንደገና ሣሩ ላይ። ፈገግ ብሎ ነበር። ስጦታ እንደሰጠ ሰው ነበር ፈገግታው። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ፈገግታውን ሳታየው ዞራለች። እሷ የሰማችው በካምፑ ሰው ሁሉ ፊት የተዘጋ በር ነው። ይህቺን አንዲት ቃል እንኳ ነፈገኝ፤ ከመሄዱ በፊት ወደ ማዕረጌ መለሰኝ፤ ይህን እያለች ሜዳውን አቋርጣ ወጣች። ውስጧ የነደደው ፍቅር አልነበረም፤ ኩራቷ ነበር። ከፍቅር ይልቅ ኩራት ሲነድ ደግሞ ጭሱ ዓይን ያሳውራል።

ያን ቀን አመሻሹ ላይ አባቷ ደወሉ። አቶ ተድላ ሲሚንቶ ሲሸጡ ቃል አያጥራቸውም፤ ከሴት ልጃቸው ጋር የወንድ ስም አንስቶ ማውራት ግን ያፍራሉ። ያደጉበት ነውና አይፈረድባቸውም። ዙሪያውን ዞሩ፣ ጤናዋን ጠየቁ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ።

«ከጦሩ የሆነ ሰው ሽማግሌ ልኮብሻል፣ ውቤ» አሉ በመጨረሻ። «ትናንት መጡ። ነገ መልስ ይፈልጋሉ፤ ሰውየው ሰኞ መንገደኛ ነው አሉ። መቼም ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

ሻምበል አበራ ሜዳው ጫፍ ላይ ያላት ያኔ ትዝ አላት። ሳልሄድ መልስ ብሰማ።

«አውቃለሁ አባዬ።»

«እህስ?»

«አልፈልገውም። በሰላም መልሳቸው።»

አባቷ፣ እኔ እንኳ፣ ብለው ጀመሩና ተዉት። እሺ፣ የልብሽን ነው፣ ብለው ዘጉት። እሷም ስልኩን አልጋው ላይ ወርውራ ፊቷን ተጣጠበች፤ ሻምበሉን እምቢ ማለቷ ትንሽ እንኳ ቀለል አላደረጋትም።

ሰኞ ጠዋት መኪኖቹ ሞተራቸውን እያሞቁ ተሰለፉ። የሚቀረው ሰው ዳር ቆሞ ይሸኛል። ውብአንቺ የመድኃኒት ሣጥኖቹን አስረክባ ለመመለስ ስትዞር ዲሪባ አምቡላንሱ በር ላይ ቆሞ ነበር። የሁለት ቀን ሳይሆን የሁለት ዓመት ድካም ፊቱ ላይ አለ። ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጣት። እሷም መለሰች። ደንቡ የበላይ እጁን ሲያወርድ የበታችም እንዲያወርድ ነው፤ እሷ አወረደች፣ የሱ እጅ ግን ግንባሩ ላይ ቀረ። ሊናገር ከንፈሩን አላቀቀ። ምናልባት ሊጠይቃት ነበር። ምናልባት እሷም አንድ ቃል ብትወረውር ኖሮ ሁሉም ነገር እዚያው ይፈታ ነበር። ግን ሁለቱም እምቢታ የቀመሱ መስሏቸው ቆመው ነበርና፣ እምቢ የተባለ ሰው ደግሞ ሁለተኛ አይለምንም። ሻምበል አበራ ከፊት መኪና አንገቱን አውጥቶ ጮኸ፣ በሮቹ ተዘጉ። አባትሽን የመታጠቢያ ቤቱን ሴራሚክ ቢልኩልኝ እወዳለሁ በያቸው፣ ብሎ እየሳቀ አለፋት። የሴራሚክ ወሬው ግራ አጋባት። አቧራው ፊቷ ላይ ሲያርፍ ግን እሱን ማሰብ ተወች፤ ከአምቡላንሱ ጀርባ ሌላ የሚታያት አልነበረም።

ክረምቱ ገባ። የሱሉልታ ክረምት የታወቀ ነው፤ ጭጋጉ ጠዋት ይመጣል፣ ቀትር ላይ ይዳከማል፣ ማታ ይመለሳል። በቀሩት ሰዎች የቅዳሜው ውድድር ቀጠለ፤ ግን ከሰውም ከሳቅም ጎድሎ ነበር። በዚያ ላይ ቲቲ ተለወጠች። ሻለቃውን የማትምረው ቲቲ ከውብአንቺ ጋር ስትገጥም አንቺ አልላትም አለች። እርስዎ ትላለች፣ ፊሽካ ይነፋባታል፣ ያን የሚያህል ሰውነቷን ይዛ ጭቃ ላይ ተደፍታ እያለከለከች ቅጣቷን ትሠራለች፣ ትነሳና ደግማ እርስዎ ትላታለች። ሰው መጀመሪያ ሳቀ። በኋላ መሳቁን አቆመ። ውብአንቺ ምን በደልኩሽ ብላ እንዳትጠይቅ ኩራቷ ያዛት።

ነሐሴ ውስጥ፣ በጠዋቱ ሰልፍ ላይ ሻለቃ ሳህሉ ወረቀት ይዘው ወጡ። አምቡላንሱ ቁስለኛ ሊያነሳ ሲሄድ ነበር፤ ተመታ። ስም አነበቡ። ማዕረጉን አስቀድመው፣ ስሙን አስከትለው፣ ደንቡ እንደሚያዘው። ውብአንቺ ቀጥ ብላ ቆማ ሰማች። ሰልፉ ሲበተንም እዚያው ቀጥ ብላ ቀረች። እግሯ ወደ ክሊኒኩ መውሰዱን ትቶ ወደ ወጥ ቤት ወሰዳት፤ ለምን እንደሆነ አታውቅም። ምናልባት በካምፑ ውስጥ በዚያ ሰዓት አልቅሶ የሚያስለቅስ ሌላ ሰው ስለሌለ።

ቲቲ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። ዓይኗ አብጧል። ቀና ብላ አይታት ወደ ድንቿ ተመለሰች።

«እርስዎ ደግሞ ምን አስለቀሰዎት?» አለቻት። «ያኔውኑ እምቢ ብለውት የለ?»

ውብአንቺ የሰማችው አልገባትም። ማንን? አለች። ቲቲ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ዓርብ ለት ሽማግሌ ልኮ መጣና እዚሁ ተቀምጦ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ቲቲ፣ በሻለቃ ፈቃድ አንቺ ማለት መረረኝ። ካሁን ወዲያ በአባቷ ፈቃድ ካልሆነ አልላትም አለኝ። ቅዳሜ የተቀጣው በደስታ ነው እኮ! እሁድ መልሱ ሲመጣ ያን ሁሉ እቃ ሲጭን ውሎ ጠብታ ውኃ አልቀመሰም።» የተላጠውን ድንች ከፊቷ ገፋችው። «ሹፌር ነው ብለሽ ከሆነ የናቅሽው፣ አሁን አፈር ነው፤ ደስ ይበልሽ።»

ቲቲ ከሜዳው ውጭ አንቺ ስትላት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። እንዲህ መባል አልነበረም የምትመኘው።

ቡራዩ ደወለች። አባቷ ሱቅ ውስጥ ነበሩ፤ ከኋላቸው ቆርቆሮ ሲራገፍ ይሰማል። ያኔ የመጡት ሽማግሌዎች ከየት ነበሩ? አለቻቸው። ከጫንጮ ወዲያ፣ አሉ፤ አንዱ አጎቱ ናቸው፣ ኦቦ የሚሏቸው ትልቅ ሰው፣ ጨዋ ሰዎች። አቶ ተድላ ከዝምታዋ ውስጥ የሆነ ነገር ሰሙ መሰለኝ ድምፃቸው ወረደ።

«አንቺ አውቃለሁ አላልሽም እንዴ? እኔ እንኳ ወድጄው ነበር፣ ልጄ። ሹፌር መሆኑን ሳይደብቁ ነገሩኝ፣ ደስ አለኝ። እሷ ከፈቀደች እኔ አልከለክልም ብያቸው ነበር።» ቆርቆሮው ተንጋጋ። «ምነው? ምን ሆነ?»

አባትየው ስም ለመጥራት አፈሩ፣ ልጅቷ ስም ለመጠየቅ ኮራች፤ በሁለቱ መሐል አንድ ሰው ሳይጠራ አለፈ።

በሦስተኛው ቀን ካምፑ ለቅሶ ለመድረስ ወጣ። ከጫንጮ አስፋልቱን ለቀው ጭቃ ለጭቃ ሄዱ። ድንኳኑ በገብስ ማሳ ዳር ተተክሏል። አስከሬን አልመጣም፤ የመጣው ፎቶግራፍ ብቻ ነው፣ ዲሪባ በቲሸርት ሆኖ የሚስቅበት። አንዲት ዘመድ ፎቶግራፉን ደረቷ ላይ አስደግፋ ሙሾ ታወርዳለች፤ ሴቶቹ ይቀበሏታል።

ለጦሩ እንግዶች ከፊት ወንበር ተደርድሮ ነበር። ሻለቃ ሳህሉ ተቀመጡ፣ ቲቲ ዳር ላይ ተቀመጠች። የሟቹ አጎት፣ ትከሻቸው የሰፋ ሽማግሌ፣ ውብአንቺ ከሁሉ የተሻለው ወንበር እንዲደርሳት ራሳቸው ጠረጉላት። በትክክለኛው አማርኛ፣ እዚህ ይቀመጡ መቶ አለቃ፣ አሏት፤ ውኃ አስመጡላት። የመጣው ሁሉ ጎንበስ ብሎ አለፋት። ክብሩ ልክ አልነበረውም። ከሚያለቅሱት ሴቶች የሚለያት ጥቂት እርምጃ ነው፤ እዚያ እናት አለች፣ እህት አለች፣ አብራው ያደገች የጎረቤት ልጅ አለች፣ እያንዳንዷ የምታለቅስበት ስም አላት። እሷ ነርሷ መኮንን ናት። ሚስት አይደለችም፣ እጮኛ አይደለችም፣ የመንግሥት እንግዳ ናት። ወንበሩ ላይ ሆና እንባ ቢፈሳት ሰው ደግ መኮንን ይላታል። ያ ነው ያልቻለችው።

ተነሳች። ሻለቃው ቀና ብለው አዩዋት፣ ምንም አላሉም። ጫማዋን ምንጣፉ ጫፍ ላይ አውልቃ፣ ከነዩኒፎርሟ በሴቶቹ መሐል አልፋ ከእናቲቱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሙሾው ረገበ። እናቲቱ ጥቁር ነጠላዋን ከዓይኗ ላይ ገለጥ አድርጋ ትከሻዋ ላይ ያለውን ማዕረግ፣ ከዚያ ፊቷን አየች።

«አቲ ኤኙ፣ ኢንተለ ኮ?» አለቻት። ማን ነሽ አንቺ፣ ልጄ?

ውብአንቺ ቡራዩ ነው ያደገችው፤ ኦሮምኛ ከአባቷ ደንበኞች አፍ ለቅማለች፣ ለሲሚንቶና ለሰላምታ የሚበቃ። ለዚህ የሚሆነውን ፈልጋ አገኘችው።

«ከን ዲዴ አነ» አለች። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።

ከወንዶቹ በኩል አጎትየው የያዙት የውኃ ማንቆርቆሪያ ሳይንቀሳቀስ ቀረ። ሴቶቹ ተያዩ። እናቲቱ አልጮኸችም፣ አልገፋቻትም። ብዙ ጊዜ አየቻት፤ ልጇ ያየውን ነገር እሷም ለማየት የምትሞክር ትመስል ነበር። ከዚያ እጇን ዘርግታ የውብአንቺን አንጓ ያዘችና አንዲት ቃል ብቻ ጠየቀቻት፦

«ማሊፍ?»

ለምን? ውብአንቺ አፏን ከፈተች። ምክንያቱን ታውቀዋለች፣ ትናንትና ሌሊቱን ስታገላብጠው አድራለች፤ አንድ ቃል ነው፣ በአንድ ቅዳሜ ሜዳ ላይ የተነፈገች የመሰላት አንድ ቃል። ይህን ለወለደች እናት በየትኛው ቋንቋ ይሏታል? በልቧ ውስጥ ዓለምን የሚያህለው ነገር እጇ ላይ ስታወጣው ከገብስ ፍሬ አነሰባት፣ አፈረችበት። አፏን መልሳ ዘጋች።

ሙሾው እንደገና ተነሳ። የጦሩ ሰዎች የሚመለሱበት ሰዓት ደርሶ መኪናው ሁለቴ ጡሩንባ ነፋ፤ ቲቲም መጥታ ከኋላዋ ቆመች፣ አልጠራቻትም። እናቲቱ እያለቀሰችም አንጓዋን አልለቀቀችውም። የፍቅር አያያዝ አልነበረም፣ የጥላቻም አልነበረም። መልስ የሚጠብቅ ሰው አያያዝ ነበር፤ ውብአንቺም ከዚያ እጅ ለመውጣት አልፈለገችም፤ በዚህ ምድር ላይ ስለ ዲሪባ ለምን ብሎ እሷን የጠየቃት ሰው ያቺ ሴት ብቻ ነበረችና።